ልብሱ የልጄ ነው

ጠባቂው ፌስታሉን በመስኮቱ ብረቶች መካከል አሹልኮ ሲለቀው፣ ጋሽ ካውያ መሬት ሳይነካ በሁለት እጃቸው ቀለቡት። የልጅ ልብስ ነውና ያደፈም ቢሆን ትቢያ ላይ ሊወድቅ አይገባውም። በምትኩ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለውን ቅያሪ ከዳቦውና ከተቀቀለው ድንች ጋር አቀበሉ። ጠባቂው የልጃቸውን ስም ወደ ግቢው ጮኾ ጠራ፤ የክፍሉ ተወካይ ነው የሚባል ቀጭን እስረኛ አንገቱን አቀርቅሮ መጣና ዕቃውን ይዞ ገባ። ፊት ለፊት መገናኘት ከተከለከለ ሰንብቷል። በአባትና በልጅ መካከል የሚመላለስ መልእክተኛ ልብስ ብቻ ነው፤ ንጹሑ ይገባል፣ ያደፈው ይወጣል።

«ዛሬስ እንዴት ነው ልጅዎ፣ ጋሽ ካውያ?» አለቻቸው ከኋላቸው የቆመች፣ ሁለት ወንድሞቿ የታሰሩባት ጸጉር ሠሪ።

«ይመስገነው፤ ወፍሯል» አሉ ፌስታሉን ወደ ደረታቸው አስጠግተው።

«እኔ ውጭ ሆኜ ከሳሁ፣ እሱ ውስጥ ሆኖ ወፈረ? እንዲህ ከሆነማ እኛንም ያስገቡን።»

«ተራ ይያዝልሽ» አለች ሌላዋ። «መንግሥት ከሰጠን ነገር ሁሉ እስካሁን ያልቀማን ተራችንን ብቻ ነው።»

ሳቁ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ፤ ጠባቂው ቀና ሲል ግን እያንዳንዷ የራሷን ድርሻ ዋጠች።

«ጋሽ ካውያ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው እነዚሁ የሰልፉ ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ጠባቂው ሥራቸውን ቢጠይቃቸው «ተኳሽ ነኝ» ብለው ነበር የመለሱት። ጠባቂው ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸውና «ምን የምትተኩስ?» አለ። «ልብስ» አሉ። በዚያ በር ላይ ሳቅ ከተሰማ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበርና ሴቶቹ ያን ቀን እንደ ውለታ ቆጠሩላቸው።

ወፍሯል ማለታቸውም እንዲያው ለወሬ ማሳመሪያ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በላውንደሪ ቤት የሰው ልብስ ሲተኩሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚመለሱት ሸሚዞች አንገታቸው ተለጥጦ፣ የላይኛው ቁልፍ ክሩ ላልቶ፣ ጀርባቸው ላይ ስፌቱ ተወጥሮ ነበር የሚወጡት። ልጃቸው እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ ረጅም ቀጭን ነው። ሸሚዙን ሲያዩ አንጀታቸው ራሰና፣ በማታ ጸሎታቸው ላይ «ልጄን ጠግቦ እንዲያድር ያደረግህ ተመስገን» የምትል ቃል ጨመሩ።

ከመስኮቱ ፈቀቅ ሲሉ፣ እንደ ወትሮው ሽንኩርት ሻጯ ተራዋን ጠብቃ ቀረበች። ይህች አጭር፣ ትከሻ ሰፊ ሴት ልጇ ከገበያ በአፈሳ ከተወሰደባት ወዲህ በየቀኑ ስንቅ ይዛ ትመጣለች፤ በየቀኑም ይዛው ትመለሳለች። ስሙን ትናገራለች፤ ጠባቂው ዓይኑን ሳያነሣ «የለም» ይላል። ያን ዕለትም ስሙን ተናገረች፤ ያን ዕለትም «የለም» ተባለች።

«ሲመጣ ትሰጡልኛላችሁ» አለችና ጥቅሏን ታቅፋ ከግንቡ ሥር ተቀመጠች።

ጋሽ ካውያ ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ያለፈውን እያሰቡ ነበር የሚሄዱት፤ በዚያ መንገድ ላይ ሌላ ሐሳብ ከመጣባቸው ቆይቷል። ልጃቸው ውሃ ቆጣሪ እያነበበ በየሰው ግቢ የሚዞር፣ ከውሻ በቀር ጠላት ያልነበረው ሰው ነው። የሰፈሩ ነዋሪ በአዳራሽ ተሰብስቦ፣ በምርጫ የቆመው ኮሚቴ ፈርሶ ከላይ በሚሾሙ ሰዎች ይተካ ተብሎ ሲጠየቅ፣ እጅ እንደ ጫካ ተነሣ። ጋሽ ካውያም እጃቸውን አነሡ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ተብለው ያደጉ ሰው ናቸው። ሰብሳቢው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ሲል ግን ልጃቸው ከአጠገባቸው ብድግ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ይቅርታ፣ ሙሉ አይደለም። እኔ እጄን አላወጣሁም። ተቃውሞ አንድ ተብሎ ይመዝገብልኝ» አለ። አዳራሹ ሣቀ፤ ሰብሳቢውም ሣቀ። በዚያው ሳምንት፣ በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ቆጣሪ ላይ እንዳጎነበሰ መጥተው ወሰዱት። ክስ አልተነበበበትም፤ ዳኛ ፊትም አልቀረበም። አካሉ በፍርድ ቤት ይቅረብ የሚል አቤቱታ ያስገባችላቸው አንዲት ወጣት ጠበቃ ናት፤ ጉዳዩ የሚሰማውም ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው። ዳኛው «ልጁ ይቅረብ» ቢል፣ ጋሽ ካውያ ልጃቸውን በዓይናቸው ያዩታል። ለዚያ ብለው ጫማቸውን አስጠርገዋል።

ላውንደሪ ቤቱ ውስጥ እንፋሎቱ ገና ከጠዋቱ ጣሪያውን አርሶታል። አጣቢዋ፣ እንደ እህት የሚያዩዋት የሥራ ባልደረባቸው፣ ባለቤቱ ሳይመጣ የእስረኛውን ልብስ ከሆቴሉ አንሶላ ጋር ደባልቃ ታጥብላቸዋለች። ጋሽ ካውያ ፌስታሉን በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ፈቱት። ሌላ ጊዜ ልብሱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጨማድዶ ነበር የሚወጣው። ዛሬ ግን እንደ ሸክም በጥንቃቄ ተጠቅልሏል፤ የሸሚዙ እጅጌዎች ጥቅሉን ዞረው፣ ሁለት ጊዜ ተላልፈው፣ ጫፋቸው ወደ ውስጥ ተሸጉጦ ታስሯል። አንዱን ጫፍ ሳብ ቢያደርጉት ሁሉም በአንድ ጊዜ ተፈታ።

ከጥቅሉ ውስጥ ሱሪው ወጣ። ሱሪ እንደ ሸሚዝ ቶሎ አይቀየርምና ከገባ ወዲህ ሲመለስ የመጀመሪያው ነው። ጋሽ ካውያ ሊያራግፉት አነሡና እጃቸው በአየር ላይ ቀረ።

የሱሪው እግሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ተጠቅልለዋል። ዛሬ ወይም ትናንት የተጠቀለሉ አልነበሩም፤ እጥፋቱ ውስጥ አቧራ ገብቶ ከላብ ጋር ጠንክሯል፣ የታችኛው ጠርዝ መሬት ለመሬት ተጎትቶ ተበልቷል። ይህን ሱሪ ያሰፉለት እሳቸው ናቸው፤ ለልጃቸው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው የሚያርፍ። ሸሚዙን ገለበጡ። ልጃቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በግራ እጁ የሚሠራ ነው፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጠቁረው የግራው እጅጌ ጫፍ ነበር። አሁን ግራው ደኅና ነው፤ የጠቆረው ቀኙ ነው። አንገቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አባት የልጁን ላብ ያውቃል። ይህ የሰው ላብ ነው፤ የልጃቸው ግን አይደለም።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለች አጣቢዋ።

«ምንም። እንፋሎቱ ነው።»

ካውያውን ሰክተው የሰው ሸሚዝ መተኮስ ጀመሩ። አንገት፣ ትከሻ፣ እጅጌ፤ እጃቸው የለመደውን ሠራ። ልባቸው ግን ከማታ ጸሎታቸው ጋር ተጣልታ ነበር። ምስጋናው ወደ ማን ሆድ ሲሄድ ኖሯል? የእርሳቸው ልጅ የት ነው የሚያድረው? ያድራል ወይ?

ፍርድ ቤቱና እስር ቤቱ አንድ ግንብ ነው የሚለያቸው። ከቀትር በኋላ በዚያ ሲያልፉ ሽንኩርት ሻጯ ከጠዋት ቦታዋ አልተነሣችም። ጭኗ ላይ ያለውን ጥቅል አዩት። በገመድ ዞሮ፣ ሁለት ጊዜ ተላልፎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። ጋሽ ካውያ ከአጠገቧ ግንቡን ይዘው ቆሙ።

«ይህን ቋጠሮ ማን አስተማረሽ፣ እህቴ?»

«ልጄ ነዋ። እሱ በገበያ ተሸካሚ ነው፤ እነሱ ሸክም እንዲህ ነው የሚያስሩት። በአንድ እጅ ይፈታል፣ ካልፈቱት ግን ተራራ ቢወርድበት አይላላም» አለች፤ ስለ ልጇ የሚጠይቃት በማግኘቷ ፊቷ ትንሽ በርቶ።

«ረጅም ነው?»

«ከየት አምጥቶ? እኔን አያዩኝም? ትከሻው ግን በር ይዘጋል።»

ሊነግሯት ከንፈራቸው ተላቀቀ። ነገር ግን ተስፋ ሰጥቶ መንሣት ከመጀመሪያው ካለመስጠት የከፋ መሆኑን ያውቃሉና፣ «እግዜር ያውጣው» ብለው አለፉ።

ጠበቃዋን በችሎቱ ኮሪደር አገኟት። ከተማሪ ቤት ከወጣች ብዙም ያልሆናት፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ያላት ልጅ ናት፤ ጥቁር ካባዋ በትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። በደረጃው ሥር፣ ሰው በማይሰማበት፣ ያዩትን ሁሉ ነገሯት።

«እርግጠኛ ነዎት፣ አባባ? እስር ሰውን ይለውጣል።»

«ሰው ይወፍራል፣ ልጄ። ሰው ይከሳል። ሰው ግን አያጥርም።»

ጠበቃዋ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊትም እንደ ገጠማት ነገረቻቸው። ሰውን በድብቅ ሲያወጡት ስሙን ከመዝገብ አይሰርዙም፤ ሰውየው ይሄዳል፣ ስሙ በር ላይ ይቀራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በሌላ በኩል ደግሞ በአፈሳ ገብተው ከነጭርሱ ያልተመዘገቡ፣ በር ላይ «የሉም» የሚባሉ አሉ። በክፍሉ ያሉት እስረኞች እንዲህ ያለውን ሰው በሄደው ሰው ስም «አቤት» እንዲል ያደርጉታል። ስንቅ እንዲደርሰው፣ ሲቆጠርም ትርፍ ሆኖ እንዳይገኝ ነው።

«ልጄን ወዴት ነው የወሰዱት?»

«አላውቅም።»

«ሲወስዱ ሁልጊዜ ወደ ሌላ እስር ቤት ነው?»

ጠበቃዋ የጫማዋን ጫፍ አየች። ጋሽ ካውያ መልሱን ከዝምታዋ ወስደው ጥያቄውን ተዉት።

«ያየሁትን ለዳኛው ብናገርስ?»

«ፖሊስ ዛሬውኑ ክፍሉን ይፈትሻል። ልብሱን የለበሰውን ያገኙታል። ያ ሰው በሕግ ፊት የለም፣ አባባ፤ የሌለን ሰው ምን አደረጋችሁት ብሎ የሚጠይቃቸው ማን ነው? ስለ ልጅዎ ምናልባት እውነቱን ለመናገር ይገደዱ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ 'ለቀነዋል፤ ወዴት እንደ ሄደ አናውቅም' ብለው ይጨርሱታል። እንደ ጠበቃ ከጠየቁኝ፣ ይናገሩ ነው የምልዎ።»

«እንደ ሰውስ?»

«እንደ ሰው አይጠይቁኝ» አለችና ካባዋን ሰበሰበች።

ችሎቱ ጠባብ ነው፤ የወንበሮቹ ጀርባ ሰው ሲደገፋቸው ኖሮ ተልጧል። ዳኛው ጠጉሩ የሸሸ፣ መነጽሩን እያነሣ ዓይኑን የሚያሽ ሰው ነበር፤ ክፉ ሰው አይመስልም፤ የደከመ ሰው ይመስላል። ጠበቃዋ ቆማ፣ ማንም ሰው በተያዘ በአጭር ጊዜ ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ እንዳለበት የሚያዝዘውን ሕግ ጠቅሳ ተናገረች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ቀጥሎ የፖሊሱ መኮንን ተነሣ። ተጠርጣሪውን ለማቅረብ የጸጥታው ሁኔታ እንደማይፈቅድ፣ ነገር ግን በመልካም ጤንነት እንደሚገኝ አስረዳ። ለዚህም ምስክር የሚሆነው ራሱ አመልካቹ አባት ነው አለ፤ በየቀኑ ንጹሕ ልብስ ያስገባል፣ ያደፈውን ይረከባል።

«የሌለ ሰው ልብስ አያሳድፍም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ ተቀመጠ።

ዳኛው ወደ ጋሽ ካውያ ዞረ። እንዲነሡ ነገራቸው፤ ተነሡ።

«አባት፣ የሚመለስልዎ ልብስ የልጅዎ ነው?»

ጋሽ ካውያ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ያዙ። ጉሮሮአቸው ላይ ሁለት ልጆች ቆመው ነበር፤ አንዱ ከወጣ ሌላው ይወድቃል። አንደኛው ከአብራካቸው የወጣ ነው። አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ብድግ ብሎ አንድ ተብዬ ልቆጠር ያለ ነው። ሌላው የማያውቁት፣ ድምፁን ያልሰሙት፣ ከላቡ በቀር ምልክት የሌለው የሰው ልጅ ነው። ለልጃቸው እንዲናገሩ አባትነት ጎተታቸው። ነገር ግን የልጃቸውን በሕይወት መኖር በእርግጥ የሚነግራቸው የለም፤ የዚያኛው ሰው ሕይወት ግን ዛሬ ጠዋት በእጃቸው ነበር፤ ሞቆ፣ አድፎ፣ በጥንቃቄ ታስሮ። አንዱን በምናልባት ሊያድኑ ሌላውን በእርግጥ ሊገድሉ ነው። መኮንኑ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ያያቸዋል። ጠበቃዋ አታያቸውም።

«ልብሱ የልጄ ነው» አሉ።

«ተለብሶ ነው የሚመለሰው?»

«ተለብሶ ነው።»

«ምግብ ያስገቡት ተመልሶብዎት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያስ ቅሬታዎ ምንድን ነው?»

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ ልብስ አልጠፋኝም። ልጅ ነው የጠፋኝ። በዓይኔ ልየው ብቻ ነው ያልሁት።»

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጥቂት ጊዜ አያቸው። አንድ ነገር የገባው መሰለ፤ ወይም ሊገባው ፈራ። መነጽሩን መልሶ አደረገና ጻፈ። ከዚያም አነበበ፤ ሰውየው በጥበቃ ሥር መኖሩ ከአባቱ ከራሱ ቃል ስለ ተረጋገጠ አቤቱታው ተዘግቷል አለ። ቀጣዩ ባለጉዳይ ተጠራ።

ኮሪደር ላይ ጠበቃዋ እጃቸውን ይዛ ቆየች። ጋሽ ካውያም ወደ ላውንደሪው አልተመለሱም፤ ወደ ገበያው ወረዱ።

ሽንኩርት ሻጯ ከእስር ቤቱ በር ተመልሳ፣ ጆንያዋን ዘርግታ፣ የዕለቱን ሽንኩርት ደኅናውን ከበሰበሰው ስትለይ አገኟት። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጋሽ ካውያ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሱሪው ጀምረው እስከ ችሎቱ ድረስ ነገሯት። እጆቿ መጀመሪያ ፈጠኑ፤ ከዚያ ቀስ አሉ፤ ከዚያ ቆሙ።

«ይበላል?» አለች።

«የላክሁት ምግብ ተመልሶ አያውቅም።»

«ድንቹንም?»

«ድንቹንም።»

«ድንች አይወድም እኮ ነበር። ድንች ሠርቼ ከሆነ ፊቱን አዙሮ ነበር የሚተኛ» አለችና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጠቅጥቃ አለቀሰች። የአካባቢው ሻጮች ሽንኩርት ያስለቀሳት መስሏቸው አላዩዋትም። ከቆይታ በኋላ፣ አሁን ገና የገባት ይመስል ቀና አለች። «የእርስዎስ ልጅ?»

ጋሽ ካውያ አንድ ሽንኩርት አንሥተው ከደኅናዎቹ ጋር አኖሩ።

«ለምን አልተናገሩም ታዲያ? ዳኛ ፊት ቆመው፣ አፍ እያለዎት?» ድምፅዋ ምስጋና አልነበረውም፤ ቁጣ ነበረው። «እኔ ብሆን እናገር ነበር፣ ጋሼ። ልጄን ላገኝ ከሆነ የእርስዎን ልጅ ገደል እከተው ነበር። ይወቁልኝ። በኋላ ደግ ሴት ናት ብለው እንዳያስቡኝ።»

«አውቃለሁ። ብትናገሪም አልፈርድብሽም ነበር።»

 ከዚያ ጋሽ ካውያ የመጡበትን ነገሯት። ከነገ ጀምሮ ስንቁን የምታስገባው እሷ ናት። የልጃቸውን ስም መጥራት ይኖርባታል፤ ጠባቂው ምኑ ነሽ ቢላት እናቱ ነኝ ትበል፤ ሽማግሌውስ ቢላት ታሟል ትበል። የራሷን ልጅ ስም በዚያ በር ላይ ዳግመኛ እንዳትጠራ። ከሁሉ ይልቅ ሁለቱንም ያስጨነቃቸው ይህ የኋለኛው ነበር። እናት ልጇን በስሙ እንዳትጠራ መንገር ከባድ ነው፤ ለአባትም የልጁን ስም አውልቆ ለሌላ ማልበስ እንዲሁ።

ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ነገሯት። እየደገመች አጠናችው። አንዴ አያቱን ብትስት አረሟት። ደግማ ስትለው አልሳተችም፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ሽንኩርቱ ጆንያ አዞሩ።

ጠዋት ላይ በሰልፉ መካከል ተሰለፈች። ጋሽ ካውያ ሌሊት በመርፌ ያሳጠሩት ሱሪና አንገቱ የሰፋ ሸሚዝ በጥቅሉ ውስጥ አለ፤ ድንቹ ቀርቶ ዳቦና ባቄላ ተተክቷል። ጸጉር ሠሪዋ ጋሽ ካውያን ከመንገዱ ማዶ ከዛፍ ሥር ቆመው፣ ሽንኩርት ሻጯን ደግሞ በእሳቸው ቦታ አየች። ሁለቴ ተመላለሰች በዓይኗ። ቀልድ የማይጠፋት ሴት ዛሬ አልቀለደችም፤ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠቻት።

«ጠጋ በይ እህቴ፣ ንፋሱ ይመታሻል» አለቻት ብቻ።

ሽንኩርት ሻጯ መስኮቱ ጋ ደረሰች። ጠባቂው ዓይኑን አላነሣም፤ ለእርሱ እናት ሁሉ አንድ ናት።

«የማን ነው?»

ስሙን ተናገረች። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።

ጠባቂው ወደ ግቢው ዞሮ ጮኾ ጠራው። የጋሽ ካውያ ልጅ ስም ከግንቡ በላይ ወጥቶ፣ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። ጥቅሉ በብረቶቹ መካከል አለፈ። ሴትዮዋ መስኮቱን ለቃ ስትወጣ እጆቿ ባዶ ነበሩ፤ ምን ታድርጋቸው እንደ ሆነ አላወቀችም፣ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ጋሽ ካውያ ወደ እርሷ አልሄዱም። በብብታቸው ሌላ ጥቅል ይዘው ነበር፤ ረጅም ሱሪ፣ አንገቱ የጠበበ ሸሚዝ፣ የግራ እጅጌው በልዩ ጥንቃቄ የተተኮሰ። ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ከእንጨት መጋዘኖቹ ጀርባ፣ ሌላ እስር ቤት እንዳለ ጠበቃዋ ነግራቸዋለች። ከዚያ ባይገኝ ሌላም አለ ብላቸዋለች። አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ጥቅሉ እንዳይጨማደድ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዙት።

መጋዘኖቹን አልፈው ሲወርዱ ግንቡ ታየ። ከግንቡ ሥር ረጅም ሰልፍ ነበር፤ የማያውቋቸው ሴቶች፣ ጥቅል የታቀፉ፣ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ። እንግዳውን ሽማግሌ ዞረው አዩት። ጋሽ ካውያ ኮታቸውን አስተካክለው ወደ ሰልፉ ጀርባ ተጠጉ።

«የመጨረሻዋ ማን ናት?» አሉ።